ጃሃንጊር የማሊክ አምባርን ራስ በቀስት የመታው እውነት ነው?

ጠያቂ፦ የደብሊኗ
ሰላም እንዴት ናችሁ? እዚህ ደብሊን ቼስተር ቢቲ ሙዚየም ያለ የአንድ ሥዕል ፎቶ ጓደኛዬ ላከችልኝ። ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር የምድር ሉል ላይ ቆሞ ቀስት ይወጥራል። የሚያነጣጥረው ጦር ላይ በተሰካ የጥቁር ሰው ራስ ላይ ነው። «ይሄ እኮ የኛው ማሊክ አምባር ነው፤ ከኢትዮጵያ ተሽጦ ሕንድ ሄዶ የጦር መሪ የሆነው» አለችኝ። ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እውነት እንዲህ አድርገው ነው የገደሉት?

መልስ፦ ፑኔ የተማረ
እህቴ አይዞሽ፣ አልገደሉትም። አምባር በ1626 (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያዢልኝ) ወደ 80 ተጠግቶ ነው ያረፈው። የጃሃንጊር ሠዓሊ አቡል ሐሰን ያን ሥዕል የሣለው በ1616 ገደማ ነው። አምባር ከዚያ በኋላ 10 ዓመት ያህል ተዋግቷቸዋል። ጃሃንጊር የተመኘውን ነው ያሣለው። በዚያው ዓመት ጦሩ ድል ቀንቶት የአምባርን ከተማ ኻድኪን አቃጥሏል፤ ሰውየውን ግን አልያዘውም።

መልስ፦ የድሬው
ሊይዙትስ እንዴት ይችላሉ! ከግዙፉ የሙጋል ጦር ጋር ሜዳ ላይ ፊት ለፊት መግጠም አይወድም ነበር። የማራታ (የምዕራብ ሕንድ ሕዝብ) ፈረሰኞቹ የጠላትን ስንቅ ይቆርጣሉ፣ ሌሊት ሰፈር ይመታሉ፣ ተራራ ውስጥ ይገባሉ። በ1624 ባትቫዲ ላይ ደግሞ የሐይቁን ግድብ አስፈርሶ የሙጋሎቹንና የአጋራቸውን የቢጃፑርን መንግሥት ሰፈር በውኃ አጥለቀለቀው። ኋላ የማራታን መንግሥት የመሠረተው የሺቫጂ አባት ሻሃጂ ያን ቀን ከእሱ ጎን ነበር።
እኔን የሚገርመኝ ግን አስተዳደሩ ነው። ተሽጦ ባሕር የተሻገረ ልጅ፣ ከሙጋሎች በስተ ደቡብ የነበረው የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ ሆኖ፣ የገበሬውን ግብር እንደ መሬቱ ለምነት አስተካከለ። ለኻድኪ ውኃ በምድር ውስጥ ቦይ አስመጣ።

መልስ፦ ፑኔ የተማረ
አንድ ነገር ልጨምር። የጃሃንጊር ልጅ ኩራም፣ ኋላ ሻህ ጃሃን ተብሎ ታጅ ማሃልን ያሠራው፣ በአባቱ ላይ ሲያምፅ ማንን የተጠጋ ይመስላችኋል? አምባርን!

የደብሊኗ
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ቀለል አለኝ። መቃብሩን ማየት ይቻላል?

ፑኔ የተማረ
አዎ፣ ኩልዳባድ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሄጃለሁ፤ ጉልላት ያለው የድንጋይ ሕንፃ ነው። ከአውራንጋባድ ወደ ኤሎራ ዋሻዎች በሚወስደው መንገድ ታገኚዋለሽ። አውራንጋባድ ያችው ኻድኪ ናት፤ ስሙን ያገኘችው ከሻህ ጃሃን ልጅ ከአውራንግዜብ ነው። አሁን ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብላለችና ትኬት ስትቆርጪ እንዳትደናገሪ።