የኤሌክትሮላይት (የደም ጨዎች) ምርመራ በማይሠራበት ጤና ጣቢያ ፖታሲየም ክሎራይድ እንዴት ይሰጣል?

የገላን ነርስ፦
ጤና ይስጥልኝ ባልደረቦች። ገላን አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ የምንሠራ ነርሶች ነን። ክረምት ሲገባ የአተት ሕመምተኛ ይበዛል። ድርቀታቸው በሪንገር (በደም ሥር በሚሰጠው ፈሳሽ) ከተስተካከለ በኋላ «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» የሚሉ፣ ሆዳቸው የሚነፋ አዋቂዎች አሉ። የፖታሲየም ማነስ እንጠረጥራለን፤ ናሙናው ግን ወደ ከተማ ነው የሚላከው። 20 ሚሊሞል ጨምሩ ተብሎ ቢታዘዝ በየትኛው ባግ፣ በምን ፍጥነት? 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውሰዱልኝ።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
ከሁሉ በፊት ሽንት። ሽንት ሳይወርድ ፖታሲየም አይሰጥም። ለ50 ኪሎ ሰው በሰዓት ቢያንስ 25 ሚሊ ሊትር መውጣት አለበት፤ በግምት ሳይሆን በካቴተር ወይም መስመር ባለው ጆግ ተለክቶ። ጡንቻ ፖታሲየም ሲበዛም ይዝላል፤ ኩላሊቱ በድርቀት ተጎድቶ ከሆነ የምትጨምሩት በተረፈው ላይ ነው።

በጥድፊያ በሚወርድ ባግ ላይ ደግሞ በፍጹም! በፕላን ሲ (ለከባድ ድርቀት በደም ሥር ፈሳሽ በሚሰጥበት መመሪያ) ይህ ሰው በመጀመሪያው 30 ደቂቃ 1.5 ሊትር ይወስዳል። በየሊትሩ 20 ሚሊሞል ቢኖር በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊሞል ገባ ማለት ነው፤ በእጅ ደም ሥር ጣሪያው በሰዓት 10 ነው። ስለዚህ ድርቀቱን ባዶውን ሪንገር ሰጥታችሁ ጨርሱ፣ ፖታሲየሙን በቀጣዩ ባግ አድርጉ። 1 ሊትሩን በ4 ሰዓት፤ ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ (ሴቱ) በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚሰጥ ከሆነ በደቂቃ 83 ጠብታ።

አቀላቀሉ ላይ ነው ብዙ ጥፋት የሚደርሰው። ባለ 15 በመቶው 10 ሚሊ ሊትር አምፑል 20 ሚሊሞል ይይዛል፤ ሌላ ጥንካሬም ስላለ ጽሑፉን ሁለት ሰው ያንብበው። ሴቱን ዝጉ፣ ባጉን ከስታንዱ አውርዱ፣ ጨምሩ፣ ቢያንስ 10 ጊዜ ገለባብጡት። ፖታሲየም ክሎራይድ ከሪንገሩ ስለሚከብድ ተሰቅሎ ሳለ ከተጨመረ መውጫው ላይ ይዘቅጥና መጀመሪያ የሚወርደው እሱ ይሆናል። ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ባጉ ላይ ለጥፉ። እጁን ካቃጠለው አዝግሙት፤ ካበጠ ካኑላውን ቀይሩ። አምፑሉን በሲሪንጅ በቀጥታ መግፋት ልብ ያቆማል።

ሆዱ ብዙም ካልተነፋና ካላስመለሰው ግን እኔ ኦአርኤስን አስቀድማለሁ። በ1 ሊትሩ ውስጥ 20 ሚሊሞል ፖታሲየም አለ። ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ 2 ፓኬት ይፈልጋል፤ ለቤተሰቡ አሳዩት።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ናሙናው ላይ ልጨምር። የፖታሲየም ውጤት ከሁሉ በላይ የሚበላሸው ከላብራቶሪው ውጭ ነው። ክንዱን አጥብቆ አስሮ ማቆየት፣ ጡጫ ማስጨበጥ፣ በቀጭን መርፌ በኃይል መሳብ ውጤቱን ከፍ ያደርገዋል። ከሐምራዊው ቱቦ ወደ ሌላ ከተገለበጠ ደግሞ ቱቦው ውስጥ ያለው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ራሱ ፖታሲየም አለው፤ ውጤቱ ከፍ ብሎ ካልሲየሙ ዝቅ ይላል። ሪንገር ከሚወርድበት ክንድም አትቅዱ። የቃሊቲ መንገድ ሲዘጋጋ ቱቦው ሰዓታት ይቆያል፤ ሴንትሪፉጅ (ደም አሽከርካሪ ማሽን) ካላችሁ ሴረሙን (ከሴሎቹ የሚለየውን ፈሳሽ) ለይታችሁ ላኩ። ያልተለየውን በረዶ ላይ አታስቀምጡ፤ ቅዝቃዜ ፖታሲየምን ከሴሉ ያስወጣዋል። ትክክለኛው ማነስ በተሳሳተ ከፍታ ተሸፍኖ «መደበኛ» ሆኖ ይመለስላችኋል።

የገላን ነርስ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትስ?

የሕፃናት ክፍል ነርስ፦
እነሱን በዚህ ስሌት አትንኳቸው። ሾክ ከሌለ በደም ሥር ፈሳሽ አይሰጣቸውም። ሪዞማል (በምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው ኦአርኤስ) በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በየ30 ደቂቃው፣ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት፣ በአፍ ወይም በአፍንጫ ቱቦ። ፖታሲየሙ ውስጡ ስላለ ሌላ አይጨመርም። ኮሌራ ከተጠረጠረ ግን በሪዞማል ፋንታ መደበኛው ኦአርኤስ ነው። ትንፋሽና የልብ ምቱን በየግማሽ ሰዓቱ ቁጠሩ፤ ትንፋሹ በደቂቃ በ5፣ ምቱ በ25 ከጨመረ ፈሳሽ በዝቶበታል፣ ወዲያው አቁሙ።