ወንድሜ የኤም ኤም ኤ ፋይተር ልሁን ብሎ በበረሃ ሊወጣ ነው፤ ምን ልበለው?

ጥያቄ፤ ከእህቱ፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ 20 ዓመቱ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቴኳንዶ ሰርቶ ጥቁር ቀበቶ ይዟል። ፋብሪካ በፈረቃ ይሰራል። ከስራ ሲመለስ ቀጥታ ጓሮ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ ከታች በአሸዋ አክብዶ፣ ማንጎው ላይ ሰቅሎታል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ዱብ ዱብ ሲል እንነቃለን። እናቴ መጀመሪያ ትቆጣ ነበር። አሁን ግን የምትደነግጠው ድምፁ ሲጠፋ ነው። "ምነው ዛሬ፣ አሞት ይሆን?" ትላለች።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ወሬው ሁሉ ኤም ኤም ኤ፣ ያ ቆሞ መማታትም መሬት ላይ መታገልም ያለበት ድብልቅ ፍልሚያ፣ ሆኗል። የፍራንሲስ ንጋኑን ታሪክ አይቶ ነው። ካሜሩን ውስጥ ገና በልጅነቱ አሸዋ ሲዝቅ የነበረ ሰው በረሃ አቋርጦ ፓሪስ ገባ፤ ሜዳ ላይ አደረ፤ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። "እኔ ከሱ በምን አንሳለሁ?" ይለኛል። አሁን ደላላ አግኝቶ በመተማ ሊወጣ ብር እያጠራቀመ ነው። በዚያ ላይ ዱባይ ነኝ የሚል ሰው በስልክ "የፋይት ኮንትራት አለኝ፣ ለቪዛ ማስጨረሻ ብር ላክ" ብሎታል።

ተው ስለው ሕልሙን የቀማሁት ይመስለዋል። ሂድ ለማለት ደግሞ አፌ አይታዘዘኝም። የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ። ከዚህ ተነስቶ ፕሮፌሽናል ፋይተር ለመሆን ደህና መንገድ አለ? ቴኳንዶው ይበቃዋል? ገንዘቡስ እንደሚወራው ነው? ክብደቱ 68 ኪሎ ነው።

አሰልጣኝ፣ ደሴ

እህቴ፣ አብሽሪ። ከስራ ወጥቶ ከረጢት የሚመታ ልጅ የጠፋ ልጅ አይደለም።

ከቴኳንዶው ልጀምር። አይበቃም። ይሄን የምልሽ ለዓመታት ቴኳንዶ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እግሩ ርቀት ያውቃል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይመታል፤ ይሄ ሀብት ነው። ግን ኤም ኤም ኤ ላይ ተጋጣሚው የተሰነዘረውን እግር ይዞ መሬት ይጥለዋል። ከወደቀ በኋላስ? የተማረው ነገር የለም። ይሄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታየ ነው። ዩኤፍሲ የሚባለው ትልቁ የኤም ኤም ኤ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1993 ዴንቨር ላይ ሲካሄድ ያሸነፈው ሮይስ ግሬሲ የሚባል ቀጭን ብራዚላዊ ነበር። በጁጁትሱ ከሱ የሚገዝፉትን ሰዎች መሬት ላይ አስገብቶ እጅ አሰጣቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ናይጄሪያ የተወለደው ካማሩ ኡስማንም በ2019 ሻምፒዮን ሲሆን መሠረቱ ሬስሊንግ ነበር። እስራኤል አዴሳንያ እንደ ወንድምሽ ቆሞ የሚማታ ነው፣ ከኪክ ቦክስ የመጣ። እሱም ቢሆን ሻምፒዮን እስከመሆን የደረሰው አልወድቅ ማለትን ጠንክሮ ስለተማረ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ዛሬ ይሞክር። ጓደኛው ሁለት እግሩን አቅፎ ሊጥለው ይግባ። እሱ ሁለቱንም እግሮቹን ወደ ኋላ ወርውሮ በሙሉ ክብደቱ ጓደኛው ጀርባ ላይ ይውደቅ። ስፕሮል ይባላል። ዋናው ዳሌ ነው። እኔ ጋ የሚመጡ የቴኳንዶ ልጆች ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳቱት አንድ ዓይነት ነው፤ ደረታቸውን ያስደግፉና ዳሌያቸው አየር ላይ ይቀራል። ያኔ ተጋጣሚው ጉልበታቸውን ስቦ ይወስዳል። ዳሌው ወርዶ ሳሩን ሊነካ ነው የሚገባው። በቀን 50 ጊዜ ይስራው። ሳር ላይ፣ ሲሚንቶ ላይ እንዳይሆን።

ደግሞ ያለንበትን ቦታ አንናቅ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ነው። በ2015 እዚያ ኬን ቬላስኬዝና ፋብሪሲዮ ቬርዱም ለከባድ ሚዛን ዋንጫ ተጋጠሙ። ቬላስኬዝ ትንፋሹ አያልቅም የሚባልለት ሰው ነበር። ቬርዱም ግን ቀደም ብሎ ሄዶ ከፍታ ላይ ሲሰራ ከረመ። ቬላስኬዝ በሁለተኛው ራውንድ ደክሞ ይታይ ነበር፤ በሦስተኛው ታንቆ እጅ ሰጠ። ወንድምሽ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሀረጎን ዳገት ሲሮጥ የሚያገኘውን ነገር ሌሎች በአውሮፕላን ሄደው ነው የሚፈልጉት።

የፒያሳ ልጅ

እኔ አልስማማም። እዚህ ኬጅ፣ ማለት የሚጋጠሙበት የሽቦ አጥር፣ የለም፤ ስፖንሰር የለም። ዕድሜው ሳያልፍ ቢሄድ ይሻላል። ንጋኑም ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬም አሸዋ ላይ ነበር።

አባት ነኝ፣ ሸዋበር

ልጄ፣ አንተም ወጣት ነህና አልቆጣህም። ከኛ ሰፈር ሁለት ልጆች በዚያው መንገድ ወጥተዋል። አንዱ ሊቢያ ታግቶ ቤተሰቡ ያለውን ከብት ሸጦ አስለቀቀው። የሌላኛው ድምፅ እስካሁን የለም። እናቱ ስልኳን ከእጇ አትለይም። ስትሰግድ ብቻ ነው ከጎኗ የምታስቀምጣት፤ ያውም መስታወቱን ወደ ላይ አድርጋ። ወላሂ፣ እሷን ያየ ሰው ሂድ አይልም።

ከባሕረ ሰላጤ የተመለሰ፣ ኮምቦልቻ

እኔ አረብ አገር ጂም ውስጥ ጽዳት ሰርቻለሁ። ከስራ በኋላ እንድለማመድ ፈቅደውልኝ አራት የአማተር ግጥሚያ አድርጌያለሁ፤ ሁለቱን አሸነፍኩ። ስለዚህ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

መጀመሪያ ንጋኑ። እንደ ወንድማችን እኔም እወደዋለሁ። ግን ታሪኩ ሙሉውን ይነገር። በ2012 ካሜሩንን ለቆ የወጣው ለኤም ኤም ኤ አይደለም፣ ቦክሰኛ ለመሆን ነው። ከሞሮኮ ባሕሩን ለመሻገር ደጋግሞ ሞክሮ ደጋግሞ ተይዟል። ስፔን ሲደርስ ሁለት ወር ገደማ ታስሯል። ፓሪስ በ2013 ገብቶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አድሯል። ኤም ኤም ኤ ስራ ያሉት እዚያ ያገኛቸው አሰልጣኞች ናቸው። ሻምፒዮን የሆነው በ2021 ነው፣ በ34 ዓመቱ። ሌላው ደግሞ ሰውየው ከባድ ሚዛን ነው፣ እስከ 120 ኪሎ። በዚያ ክብደት ፈጣን የሆነ ሰው በዓለም ላይ ጥቂት ነው። የወንድምሽ ሚዛን 65.8 ወይም 70.3 ኪሎ ነው። እዚያ ከዳግስታን እስከ ብራዚል ያለ ጎበዝ ሁሉ ተሰልፏል። አብረውት ጀልባ ላይ የነበሩት የት እንደቀሩም ቪዲዮው አያሳይም።

ለፒያሳው ልጅ ደግሞ ድሪከስ ዱ ፕሌሲን ላስታውስህ። ደቡብ አፍሪካዊ ነው። መኖሪያውም ልምምዱም ፕሪቶሪያ ነው። በ2013 እዚያው አገሩ ባለው ኢኤፍሲ በሚባለው ድርጅት ጀመረ፣ በ2020 ዩኤፍሲ ገባ፣ በጥር 2024 የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። አሰልጣኙንም ከተማውንም አልቀየረም። ደቡብ አፍሪካ ከኛ የተሻለ ጂም እንዳላት አልክድም። ግን በሩ አህጉራችን ውስጥም ተከፍቷል ለማለት ነው። በ2025 ፒኤፍኤል የሚባለው ሌላ የኤም ኤም ኤ ድርጅት የአፍሪካ ውድድሩን ኬፕታውን ላይ ጀምሯል። ይህ ሊግ ሲታቀድ ሊቀመንበር የተባለው ማን መሰለህ? ራሱ ንጋኑ።

ገንዘቡ። ዩኤፍሲ አዲስ ልጆችን በሚመለምልበት ኮንቴንደር ሲሪስ ያለፈ ልጅ ሲፈርም የኖረው ውል ለመግጠም 10 ሺህ ዶላር፣ ካሸነፈ ሌላ 10 ሺህ ነው። ብዙ ይመስላል። ከተሸነፈ 10 ሺው ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ማናጀሩ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወስዳል። ጂሙ 10 በመቶ ገደማ። ግብር አለ። ከግጥሚያው በፊት ካምፕ ገብቶ ሲለማመድ የሚበላው፣ የሚያርፍበት፣ የአሰልጣኙ ትኬት አለ። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢገጥም ነው፤ ከተጎዳ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ምንም የለም። ይሄ እንግዲህ ጫፍ ላይ የደረሰው ነው። በትንንሾቹ ውድድሮች ለአንድ ሌሊት የሚከፈለው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። የቀድሞ ፋይተሮች ዩኤፍሲን ክፍያችንን አፍኖብናል ብለው ከሰው ለዓመታት ተሟግተዋል፤ ድርጅቱ በ375 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቶ ፍርድ ቤቱ በ2025 አጽድቆታል። ስለዚህ የፋብሪካ ስራውን እንዳይለቅ። ስራው የስንቁ ምንጭ ነው።

የዱባዩ ሰውዬ ሌባ ነው። ፋይተር ለመግጠም አይከፍልም፣ ይከፈለዋል። እውነተኛ አዘጋጅ ከሆነ ከዚህ በፊት ያካሄዳቸው ውድድሮች ታፖሎጂ ወይም ሸርዶግ የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ይገኛሉ፤ የፋይተሩ ስም፣ ያሸነፈበት ዙር፣ ሁሉም ተጽፏል። እዚያ ከሌለ ቁጥሩን አጥፉት። እኔን በዚሁ ዓይነት ወሬ የሦስት ወር ደሞዜን በልተውኛል።

ጠያቂዋ

እናንተ ልጆች፣ አላህ ይስጣችሁ። ሁሉንም አነበብኩለት። ስለ ንጋኑ ሲሰማ ዝም አለ። የዱባዩን ቁጥር ፊቴ አጠፋው። የሸዋበሩ አባት፣ የዚያችን እናት የስልኳን ነገር ስነግረው ወደ እናቴ ዞሮ አያት።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። "ወደ 61 ኪሎ ከወረድኩ ከተጋጣሚዎቼ ትልቅ ሆኜ እታያለሁ" ብሎ እራት ትቷል። በዚህ በኮምቦልቻ ሙቀት ላስቲክ ከውስጥ፣ ጃኬት ከላይ ለብሶ ይሮጣል። ይሄ ትክክል ነው?

ፊዚዮቴራፒስት፣ ደሴ

ላስቲኩን ዛሬውኑ ጣይው። እባክሽ።

በላስቲክ የሚወርደው ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ሰውነት ሲደርቅ ደም ይወፍራል፣ ልብ ይጨነቃል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በ2015 ያንግ ጂያን ቢንግ የሚባል የ21 ዓመት ቻይናዊ ፋይተር ማኒላ ላይ ለመግጠም ክብደት ሲቀንስ ሕይወቱ አልፏል። ዋን የሚባለው አዘጋጅ ድርጅት ከዚያ በኋላ ውሃ በማድረቅ ክብደት መቀነስን ከለከለ።  ወንድምሽ መንገድ ላይ ብቻውን ነው። ደግሞ ምን ግጥሚያ አለበትና ነው የሚቀንሰው? ክብደት የሚያዘው የተፈረመ ግጥሚያ ሲኖር ነው። እስከዚያ ይብላ። ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ ሲገኝ ሥጋ፤ ውሃ አብዝቶ። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረና ጡንቻው ከታመመ ነገ ሳይል ሐኪም ቤት ይሂድ።

ጭንቅላቱንም ይጠብቅ። ልምምድ ላይ ተመትቶ ከዞረበት የዚያን ቀን ልምምድ አበቃ። ራሱን ስቶ ከወደቀ ሐኪም ይየው፤ ቢያንስ ለአንድ ወር ጭንቅላቱ ላይ ምት የሚያርፍበት ነገር አይስራ። ውድድር የሚቆጣጠሩት ትልልቆቹ ኮሚሽኖች በዝረራ የተሸነፈን ሰው ለሳምንታት የሚያግዱት በከንቱ አይደለም። ሌላ ምክር፤ ፕሮ ውድድሮች የኤች አይ ቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ፣ የዓይን ምርመራም ይጠይቃሉ። አሁኑኑ ይመርመር። ስንት ዓመት ከለፋ በኋላ ዓይኑ እንደማይፈቅድለት ከሚሰማ ዛሬ ይወቀው።

አሰልጣኝ፣ ደሴ

ፊዚዮዋ ያለችው ሁሉ ይያዝ። መንገዱን በአጭሩ ልናገር። ሁለት ዓመት መሬት ላይ ትግል ይማር። ቦክሱን ጎን ለጎን፤ የቴኳንዶ ልጅ እጁን ያወርዳል። አዲስ አበባ ጁጁትሱ የሚሰሩ አሉ፣ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ እዚያ ይክረም። ከዚያ አማተር። ዓለም አቀፉ የአማተር ፌዴሬሽን፣ ኢማፍ የሚባለው፣ ውድድሩ ሦስት ራውንድ ሆኖ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ነው። የቅልጥም መከላከያ አለው፣ በክርን መምታት ክልክል ነው። ፕሮ ላይ ራውንዱ አምስት ደቂቃ ይሆናል፣ መከላከያው ይወልቃል፣ ክርኑ ይፈቀዳል። ያንን የሚገባበት ሰዓት ሲደርስ በፓስፖርትና በቪዛ፣ በአውሮፕላን ይሄዳል። ያኔ እኔም ኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ድረስ እሸኘዋለሁ።

የፒያሳ ልጅ

ስለ ድሪከስ አላውቅም ነበር። በበረሃ ሂድ ያልኩትን አንስቻለሁ። አባባ፣ ይቅርታ።

ጠያቂዋ

ዛሬ ሌሊት 11 ሰዓት ዱብ ዱብ የለም። እናቴ ደንግጣ ነጠላዋን ደርባ ወጣች። እኔም ደላላው ጋ ሄደ ብዬ ተከተልኳት። ለካ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳሩ ላይ ናቸው። ልጁ እየሮጠ እግሩን ሊያቅፍ ይገባል፣ እሱ ወደ ኋላ ተወርውሮ ይወድቅበታል። ሁለቱም በጤዛ ርሰዋል። "32" እያለ ይቆጥራል።

ጋሼ አሰልጣኝ፣ ቅዳሜ ፈረቃ የለውም። እናንተ ጋ መምጣት ይችላል?

አሰልጣኝ፣ ደሴ

ይምጣ እንጂ። 10 ሰዓት ላይ ሆጤ፣ ስታዲየሙ በር ላይ እጠብቀዋለሁ። የጎረቤቱንም ልጅ ይዞት ይምጣ። ሁለቱም ጥፍራቸውን ቆርጠው።