በጨረቃ ዙሪያ የሚታየው ቀለበት፦ ቀለሙ ለምን ይለያያል?

ጠያቂ
ጨረቃ ሙሉ ስትሆን አንዳንዴ ከሩቅ የከበባት ሰፊ፣ ነጣ ያለ ቀለበት ይታያል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ትንሽ ክብ አጠገቧ ይታያል። ሁለቱ አንድ ናቸው? በስልክ ሳነሳው ደግሞ ቀለበቱ ጭራሽ አይወጣም።

መልስ 1
አይደሉም፤ በስፋታቸው ይለያሉ። ክንድዎን ቀጥ አድርገው ዘርግተው ስንዝር ይክፈቱ። አውራ ጣትዎ ጨረቃዋ ላይ ሆኖ የትንሿ ጣት ጫፍ ቀለበቱ ጋ ከደረሰ፣ ያ ሰፊው፣ ባለ22 ዲግሪው ቀለበት ነው። የሚሠሩት በጣም ከፍ ባለ ስስ ደመና ውስጥ ያሉ ባለስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው። ብርሃን በአንዱ ጎን ገብቶ ቀጣዩን ዘሎ በሦስተኛው ሲወጣ፣ በሁለቱ ጎኖች መካከል 60 ዲግሪ ስላለ ቢያንስ 22 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከዚያ ያነሰ መታጠፍ ስለማይችል ከቀለበቱ ውስጥ ያለው ሰማይ ጠቆር ይላል። ቀይ ከሁሉም ያነሰ ስለሚታጠፍ የውስጥ ጠርዙ ቀላ ብሎ ጥርት ይላል፤ ወደ ውጭ ግን ቀለሞቹ ይደራረቡና ይነጣሉ።

ትንሹን ክብ የሚሠሩት የውሃ ጠብታዎች ናቸው። የቀለሞቹ ቅደም ተከተል ይገለበጣል፦ ውስጡ ሰማያዊ ያለበት ነጭ፣ ዳሩ ቀይ ቡናማ። ጠብታዎቹ ባነሱ ቁጥር ክቡ ይሰፋል፤ መጠናቸው እኩል ከሆነ ቀለሙ ይደምቃል።

መልስ 2
ሰፊው ቀለበት ለዓይን ነጭ የሚመስለው ብርሃኑ ስለሚያንስ ነው። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ 400,000 ጊዜ ያህል ትደበዝዛለች፤ ቀለም የሚለዩት የዓይን ህዋሳት በዚህ ብርሃን በደንብ አይሠሩም። ጨረቃዋን በጣሪያ ጥግ ወይም በምሰሶ ቢጋርዷት የውስጡ ቅላት ትንሽ ይለያል።

መልስ 3
ስልኩ ብርሃኑን በጨረቃዋ ልክ ስለሚመጥን ነው ሌላው የሚጨልመው። በእጅ ማስተካከያው አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 800፣ ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሰከንድ አድርገው ይጀምሩ፤ ጨረቃዋ ብትነጣ ግድ የለም። ስልኩ መደገፍ አለበት። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) ቀን ብርሃን ላይ ያቁሙት፣ አውቶ ከሆነ ቅላቱን ያጠፋዋል። ሰፊው ቀለበት ከዳር እስከ ዳር 44 ዲግሪ ስለሆነ ዙም አያድርጉ። ሰከንዱን አብዝተው ካስረዘሙት ደግሞ ደመናው ሲሄድ ጠርዙ ይደበዝዛል። ሌንሱ ላይ ጤዛ ካረፈ ሰማይ ላይ የሌለ ክብ ይሠራልና መጀመሪያ ይጥረጉት።

መልስ 4
ትንሹ ክብ ሰማይ ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ጨረቃዋን ብቻ በአውራ ጣት ይሸፍኗት። ክቡ አብሮ ከጠፋ ከመነጽር ወይም ከዓይን የመጣ ነው። በመንገድ መብራት ዙሪያም ቀለማም ክብ ከታየና ዓይን ካመመ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።