ላስ ቬጋስ ላይ እስስት የምታሳድጉ፣ እርጥበቱን እንዴት ታደርጉታላችሁ?

ጥያቄ፣ የቬጋሷ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ለልደቱ እስስት ተገዝቶለታል። ወንድ ነው፣ የየመን ዝርያ፣ 7 ወሩ። ቤቱ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ የተሠራ ነው።

ችግሬ እርጥበቱ ነው። መለኪያው ከ18 በመቶ አልነቃነቅ ብሏል። ውሃ ስንረጭ ወደ 60 ይወጣና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሶ ይወርዳል። ሻጩ «ቀኑን ሙሉ ከ50 በታች እንዳይሆን» ስላለን ሂዩሚዲፋየር (ጭጋግ እየነፋ አየሩን የሚያረጥብ መሣሪያ) ገዛሁ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል። የውሃ ሳህንም አስቀምጠንለታል፣ ግን ነክቶት አያውቅም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዓይኑ ጎድጎድ ያለ መሰለኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦርሳውን ሳያወርድ ነው ሮጦ የሚያየው። እባካችሁ ምን ላድርግ?

መልስ፣ ከዴንቨር

እህቴ፣ በቅድሚያ ሂዩሚዲፋየሩን ቀን ቀን አጥፊው። መብራቱ እያሞቀው አየሩም በጭጋግ ከታፈነ ሳንባው ሊታመም ይችላል። የእነሱ አገር የየመን ተራራ ነው። እዚያ ቀን አየሩ ደረቅ ይላል፤ ሌሊት ይቀዘቅዝና ጉምና ጤዛ ይወርዳል። ጠዋት ከቅጠል ላይ ጤዛውን ይልሳሉ። ቤትሽም ይህንኑ ነው ማድረግ ያለብሽ። ቀን ከ30 እስከ 50 በመቶ ይበቃዋል። ሌሊት ከ80 በላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሳህኑንም አንሺው። እስስት ከረጋ ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል፤ ዓይኑን የሚስበው የሚንጠባጠብ ውሃ ነው። የላስቲክ ብርጭቆ ሥሩን በመርፌ ብሺና ውሃ ሞልተሽ ጣሪያው ላይ አስቀምጪ። ቀስ እያለ ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ይበል፣ ከሥር ትሪ አድርጊ። የኔው የመጀመሪያ ቀን አንዱን ዓይኑን ወደ ጠብታው፣ አንዱን ወደ እኔ አዙሮ ብዙ ቆየ። የጠጣው ከክፍሉ ስወጣ ነው፤ በበር ስንጥቅ አየሁት። ስለዚህ አትቁሙበት።

የቬጋሷ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። አሁኑኑ አጠፋሁት። ግን በዚህ ወንፊት በኩል እርጥበቱ እየወጣ እንዴት 30 ይደርስልኛል?

መልስ፣ ከፊኒክስ

እኔም በረሃ ውስጥ ነኝና ይገባኛል። ጀርባውንና ሁለቱን ጎኖች በሚያሳይ የሻወር መጋረጃ ሸፍኚ። ፊቱና ጣሪያው ክፍት ይሁን፣ አየር መመላለስ አለበት። ላስቲኩ መብራቱ አጠገብ እንዳይደርስ።

የፕላስቲክ ቅጠል ካለ አውጥተሽ እውነተኛ ተክል አስገቢ። ፖቶስና ሂቢስከስ ይስማሙታል። የየመን እስስት ቅጠል ይበላል፤ ፕላስቲክ ነክሶ ቢውጥ አንጀቱን ሊዘጋው ይችላል። ተክሉና አፈሩ ደግሞ ራሳቸው እርጥበት ይሰጣሉ።

ጠዋት መብራቱን ከማብራትሽ በፊት ሁለት ደቂቃ ያህል እርጪ፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላም እንደዚሁ። በመሃል ቅጠሉ ይድረቅ። የቧንቧችን ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት የመርጫውን አፍ ነጭ ነገር ይደፍነዋል። የተጣራ ውሃ ተጠቀሚ፤ ከደፈነም አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፊው።

የዴንቨሩ ወንድሜ ስለ ሌሊቱ ያለው ትክክል ነው፤ የእነሱ ሌሊት ግን ቀዝቃዛ ነው። እኛ ጋ በበጋ ኤሲው 78 ፋራናይት ላይ ከሆነ ሌሊትም ጭጋግ ይቅርብሽ፣ መርጨቱ ብቻ ይበቃል። ሂዩሚዲፋየሩን የምታበሪው ክፍሉ ወደ 68 ሲወርድ ነው።

መልስ፣ እንስሳት ክሊኒክ የምትሠራ

እኔን ያሳሰበኝ ዓይኑ ነው። ከመለኪያው ይልቅ ኩሱን እዪ። ነጩ ክፍል፣ ማለትም ሽንቱ፣ ንጹህ ነጭ ከሆነ፣ ወይም ጫፉ ላይ ብቻ ቢጫ ካለበት ደህና ነው። አብዛኛው ብርቱካናማ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል። ዓይኑ እንደጎደጎደ ከቀረ፣ ቀን ላይ ጨፍኖ ከዋለ፣ ወይም ሙቀት ሳይበዛበት አፉን ከፍቶ ከተነፈሰና አረፋ ካሳየ አታቆዪው። ተሳቢ እንስሳት የሚያክም ሐኪም ጋ ውሰጂው፤ ውሻና ድመት ብቻ የሚያዩ አሉና ደውለሽ ጠይቂ። ውሃ በስሪንጅ በግድ አታጠጪው፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

መለኪያሽንም ፈትኚ። የጠርሙስ ክዳን ሙሉ ጨው በጥቂት ውሃ አርጥቢ፤ ጭቃ ይምሰል እንጂ አይሟሟ። ከመለኪያው ጋር ዚፕ ላስቲክ ውስጥ አሽጊና አሳድሪው። ጠዋት 75 ማሳየት አለበት።

የቬጋሷ እናት፣ ከአራት ቀን በኋላ

እህት ወንድሞቼ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ። ጨው ውስጥ ያደረው መለኪያ 64 ነው ያሳየው። በ11 ዝቅ አድርጎ ሲያስጨንቀኝ ከርሟል፤ ሌላ ገዛሁ። ሦስቱን ጎን ሸፍነን ፖቶስ ካስገባን ወዲህ ቀን 35 አካባቢ ይውላል። ቤታችን 74 ስለሆነ ማታ የምንረጨው ብቻ ነው፣ ጭጋግ የለም።

ብርጭቆውን በበሳን በማግስቱ ጠጣ። ልጄ ሶፋው ጀርባ ተደብቆ ሲያይ ነበር፤ «አገጩ ይንቀሳቀሳል!» ብሎ በሹክሹክታ ጠራኝ። ዓይኑ ሞልቷል፣ ኩሱም ጫፉ ላይ ብቻ ነው ቢጫ። ለማንኛውም ለሐሙስ ሐኪም ቀጠሮ ይዘናል። የጠዋቱን የሚረጨው ልጄ ነው፤ ማንቂያውን በ20 ደቂቃ አስቀድሞታል።