«ጉብኝት ቪዛው እዚያ ይቀየራል» ለተባለች ልጅ ምን ይጣራላት?

ሰላም ከኮምቦልቻ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንዲት የ19 ዓመት ልጅ ዱባይ ውስጥ የውበት ሳሎን ሥራ ተገኝቷል ተብሏል። ቪዛው የ60 ቀን ጉብኝት ነው። ደላላው «ስትደርስ ይቀየራል፣ ቲኬቱን ከደመወዟ እንቆርጣለን» ይላል። ከመሄዷ በፊት ምን እናጣራ?

ፍሬሕይወት፦
የአሠሪውን ስም ጠይቁ። ቪዛ እዚያ ሆኖ መቀየር ይቻላል፤ የሚቀይረው ግን ቀጣሪው ነው። ስሙ የማይታወቅ ቀጣሪ ምንም አይቀይርም። በጉብኝት ቪዛ መሥራት ደግሞ ክልክል ነው፤ ቀኑ ካለፈ በየቀኑ 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል። ቲኬቱ፣ «የቪዛ ወጪ» የሚሉት፣ የመኝታው፣ ቅጣቱ፣ ሁሉም በልጅቷ ስም ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። እዚያ የሚቀበሏት ሰዎች ፓስፖርቷን ይይዙና «ዕዳሽን በዚህ ትከፍያለሽ» ብለው ወደ ወሲብ ንግድ ያስገቧታል። በር መቆለፍ እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ፖሊስ ጋ ብትሄድ እንደምትታሰር ነግረዋታል። እባካችሁ በዚህ ቪዛ አትላኳት።

አቤል ሕግ፦
በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው። እሷ የምትከፍለው ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባትና ለመሳሰሉት ነው። ስለዚህ «ከደመወዝ ይቆረጣል» ማለቱ ብቻውን በሕጋዊው መንገድ እንደማይልካት ይነግራችኋል። ኤጀንሲ አለኝ ካለም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፈቃድ አይብቃችሁ፤ ስሙን ይዛችሁ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አረጋግጡ። ፈቃዱ ለየትኛው አገር እንደሆነም ጠይቁ።

ሰላም ከኮምቦልቻ፦
አመሰግናለሁ። ደላላው የአክስቷ ጎረቤት ነው። ልጅቷም በፈቃዷ ነው የምትሄደው፤ ታዲያ እንዴት ይከሰሳል?

አቤል ሕግ፦
በማታለል የተገኘ ፈቃድ በሰው መነገድን በሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 ዋጋ የለውም። መልማዩም ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ሰው ነው፤ ቤተሰብ የሚያምነውም ለዚህ ነው። የድምፅ መልእክቶቹን አታጥፉ፤ የቴሌብርና የባንክ ደረሰኞችንም አስቀምጡ፣ ለፖሊስ ይጠቅማሉ።

ፍሬሕይወት፦
ቀድማ የሄደች ልጅ ካለችም፣ ለደላላው ደውላችሁ አትጩኹበት። ወዲያው ስልኳን ይነጥቃሉ ወይም ወደ ሌላ ቤት ያዛውሯታል። ከእሷ ጋር ስታወሩ አጠገቧ ሰው እንዳለ ቁጠሩት፤ «አዎ» ወይም «አይ» ብላ የምትመልሰውን ብቻ ጠይቋት። የሕንፃውን ስም ወይም የካርታ ምልክቱን ካገኛችሁ ከፓስፖርቷ ኮፒ ጋር ዱባይ ላለው ቆንስላችን በጽሑፍ አድርሱ።