የወገብ ዙሪያ ልኬት ከለኪ ለኪ ሲለያይ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ለውፍረት ጥናት መረጃ ሰብሳቢዎች እያሠለጠንን ነው። አንዷን ሴት ሁለት ሰዎች ሲለኳት የወገቧ ዙሪያ እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይለያያል። ክብደትና ቁመት ግን ይቀራረባሉ። ምን እናስተካክል?

መልስ 1፦
መጀመሪያ የምትለኩበትን ቦታ አንድ አድርጉ። በዓለም ጤና ድርጅት አሠራር መሠረት በጎን በኩል በመጨረሻው የሚዳሰስ የጎድን አጥንት የታችኛው ጠርዝና በዳሌ አጥንት አናት መካከል ነው። ሁለቱን ዳስሳችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና መሃሉን ለኩ። እምብርትን መነሻ አታድርጉ፤ ሆድ ሲወርድ አብሮ ይወርዳል። ሜትሩ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ ቆዳውን ሳይጫን ይንካ፤ ንባቡ የሚወሰደው ትንፋሽ እንደወትሮው ከወጣ በኋላ ነው። መቀነት የግድ ይፈታ! በልብስ ላይ ለክቶ ሴንቲ ሜትር መቀነስ ግምት እንጂ ልኬት አይደለም።

መልስ 2፦
ስህተቱንም በቁጥር አውጡት። ሁለቱም ለኪዎች አንዱ የሌላውን ንባብ ሳያይ 20 ሰው ይለኩ። የእያንዳንዱን ሰው ልዩነት በራሱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ለ40 (የተለኩት ሰዎች ቁጥር እጥፍ) አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። ድምሩ 160 ከመጣ ስህተቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለወገብ ይህ ብዙ ነው፣ ሥልጠናው ይደገም። ኮሪሌሽን (የሁለቱ ለኪዎች ንባቦች አብረው የመጨመርና የመቀነስ መጠን) ብቻ አይታችሁ አትርኩ፤ አንዱ ለኪ ሁልጊዜ 3 ሴንቲ ሜትር ቢጨምርም ኮሪሌሽኑ 1 ሊሆን ይችላል።