ደብረ ማርቆስ ላይ ከሰው ለመተዋወቅ የኤአይ ምክር ይታመናል?

አዲስ ገቢ፦
ጤና ይስጥልኝ። በሥራ ዝውውር ማርቆስ ገብቻለሁ፤ ከቢሮ ውጭ የማውቀው ሰው የለም። ኤአይ ብጠይቅ የመጻሕፍት ክበብ፣ የእግር ጉዞ ቡድንና የቡና ምሽት ከነቦታቸውና ከነሰዓታቸው ዘረዘረልኝ። እቁብ ግባም ብሎኛል። አምኜ ልሂድ ወይስ እንዴት ላጣራ?

ጨሞጋ፦
ስሙንም ሰዓቱንም እንዳታምን። እነዚህ ሞዴሎች የሚጽፉት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ነው። ስለ አዲስ አበባ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ማርቆስ ትንሽ፤ የጎደለውን በሌላ ከተማ ነገር ይሞሉታል፣ ያውም ያለ ምንም ማመንታት።

ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠይቅ፣ ግን በየጊዜው አዲስ ውይይት ክፈት፤ በአንዱ ውስጥ ከደጋገምከው የራሱን መልስ እያየ ይደግምልሃል። ስሞቹ ከተለዋወጡ ፈጠራ መሆናቸውን ጠርጥር። ባይለዋወጡም ማረጋገጫ አይሆንም፤ አንዱ ስህተት ተመላልሶ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ የኢንተርኔት ፍለጋውን አብርተህ ምንጭ አስመጣው፣ ገጹንም ራስህ ከፍተህ ቀኑን እይ፤ ጊዜው ያለፈ ማስታወቂያ የዛሬ መስሎ ይቀርባልና። ደግሞ «ክበቡ የት ነው?» አትበል፣ መኖሩን አንተው ነገርከው ማለት ነው። «አለ ወይ? ካላወቅህ አላውቅም በል» ይሻላል።

ሰዓት ላይ ንቃ። የእኛን 10 ሰዓት የፈረንጅ 10 አድርጎ ከወሰደው የ6 ሰዓት ልዩነት መጣብህ ማለት ነው። ኅዳር 12ንም ኖቬምበር 12 ሊልህ ይችላል፤ የሚውለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ነው።

ዳሞት፦
ወንድሜ፣ እቁቡ ይቆይ። እጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ይዞ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠየቃል፤ አንተ ደግሞ ገና የሚዋስህ የለህም።

ኦርቶዶክስ ከሆንክ ሰንበቴ ይቀላል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዱን ማኅበርተኛ ተጠግተህ በእንግድነት መግባት ነው። ጽዋ ማኅበር ግን ሌላ ነው፦ ጽዋውን የተረከበ ቀጣዩ ደጋሽ ነው። ኤአዩ «የቀረበልህን ሁሉ ተቀበል፣ አክብሮት ነው» ካለህና ከሰማኸው ድግስ ተሸክመህ ትመለሳለህ። ሙሴውን፣ ማለት የማኅበሩን መሪ፣ አስቀድመህ አነጋግር።

ለመተዋወቅ እኔ የምመርጠው የሰፈር እድር ነው፤ ለቅሶ ላይ ድንኳን ስትተክሉ፣ ወንበር ስታመላልሱ ሰው ያውቅሃል። መመዝገቢያውን፣ ወርኃዊ መዋጮውንና የቀሪ ቅጣቱን ከጸሐፊው ጠይቅ፤ እያንዳንዱ እድር የራሱ ደንብ አለው።

አዲስ ገቢ፦
ታዲያ ኤአዩ ለምን ይረባኛል?

ጨሞጋ፦
የአካባቢውን መረጃ ለማይፈልግ ነገር። ለጸሐፊው የምታቀርበውን ጥያቄ ያደራጅልሃል፤ ደንቡንም ፎቶ አንስተህ ብታሳየው ያሳጥርልሃል። የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ግን አማርኛውን አሳስቶ ሊያነብ ስለሚችል የብሩን መጠንና ቀኑን ከወረቀቱ ጋር አመሳክር።